ማግኔቱ የመረጠው ሽቦ

ስልክ ጠጋኝ ሆት ኤሩ ከተበላሸበት ደንበኛ ከመመለስ ሌላ ብዙ ምርጫ የለውም። በዛሬ ስልክ ውስጥ የዋና ዋናዎቹ ቺፖች መያያዣ ነጥቦች ከሆዳቸው ሥር ናቸው፤ የመበየጃ ጫፍ በየትም በኩል ዞሮ አይደርስባቸውም። ቺፑን ሳይጎዱ ለማንሣት ያለው መንገድ ከላይ ትኩስ አየር እየነፉ ከሥሩ ያለውን ሊድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማቅለጥ ነው። ይህን የምትሠራው፣ ሆት ኤር የተባለችው ሣጥን በአዲስ አበባ የጥገና ሱቆች ሁሉ አለች፦ ከፊቷ የሚበሩ አኃዞች፣ ከጎኗ በረጅም ገመድ የተያያዘ እጀታ፣ እጀታው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ማስቀመጫ። የኦሳካው ሃኮ (ድርጅቱ የተመሠረተው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው) 850 የተባለውን ካወጣ ወዲህ የቻይና ፋብሪካዎች 852፣ 858 እያሉ በብዙ ስም አባዝተዋታል። ሽፋኗ ላይ የተጻፈው ስም ቢለያይም ሥራዋ ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

ስትበላሽ ብዙዎች እጀታዋን እንዳለ አውጥተው ሌላ ይገጥሙላታል። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ወረፋ የያዘ ደንበኛ ከፊት ቆሞ ማን ይመራመራል? ብቻ ቆሞ ለማየት የሚያጓጓ ሥራ አይደለም። እኔ እግሬን የሚያስረኝ ሌላ ዓይነት ባለሙያ ነው። መርካቶ አጠገብ በአንዲት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ስልክ የማይጠግን፣ የስልክ ጠጋኞችን መሣሪያ ብቻ የሚጠግን ሰው አለ። ዕድሜው ጠና ያለ ነው፤ ወጣቶቹ ጠጋኞች ጋሼ ይሉታል። ስሙን እንዳልጠራ ራሱ ነው የጠየቀኝ። ሥራው ግን ቢነገር ጉዳት የለውም።

ያመጡለት መሣሪያ ባለ 858 ቁጥር ነበረች። ያመጣት ልጅ ችግሩን ሲያስረዳ እጁን እያወናጨፈ ነው፤ አብርቶ 350 ዲግሪ ላይ ሲያደርጋት አኃዙ አይነሣም፣ አንዳንዴ እንዲያውም ዝቅ ይላል፣ የእጀታው አፍንጫ ግን ፍም ይመስል ይቀላል፣ ፕላስቲኩ ይሸታል፣ ከዚያ ፊውዙ ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ፊውዝ ቀየርኩ፤ ያው ነው» አለ።

«ፊውዙማ ሥራውን ሠርቷል፤ እሱን አትውቀሰው» አለው ባለሙያው፤ ቀጥሎም «ከዚህ በፊት ማን ከፈታት?» ሲል ጠየቀ። ልጁ ሂተሯ ተቃጥሎ ሌላ ቦታ እንደተቀየረላት ተናገረ። ባለሙያው ራሱን ነቀነቀ እንጂ ያንን ጠጋኝ አላማም። ይህን ልብ አልኩ፤ በዚህ ሙያ ያለፈውን ጠጋኝ መስደብ የመክፈቻ ጸሎት ያህል የተለመደ ነውና።

የመሣሪያዋን አሠራር ካላወቅን የሰውየው ጥበብ ስለማይታየን ትንሽ እንግባበት። እጀታው ውስጥ ከኋላ ትንሽ ፋን አለ፤ ከፊቱ በሴራሚክ ላይ የተጠቀለለ የኒክሮም ሽቦ፣ ማለትም ሂተሩ፣ አለ። አየሩ ከፋኑ ተነሥቶ በሂተሩ መካከል ያልፍና በአፍንጫው ይወጣል። የሂተሩ ጉልበት 700 ዋት ገደማ ነው። አፉ ላይ የሙቀት መለኪያው ቴርሞካፕል ተቀምጧል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቦርድ ቴርሞካፕሉ የሚልከውን እያነበበ ትራያክ በምትባል ባለ ሦስት እግር ክፍል አማካይነት ለሂተሩ መብራት ይለቃል፣ ይከለክላል። ማስቀመጫው ውስጥ ማግኔት አለ፤ እጀታው ሲመለስ በውስጡ ያለች ትንሽ ማብሪያ ማግኔቱን ታውቅና ማሞቁን ታስቆማለች። ፋኑ ግን ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በታች እስኪወርድ መንፋቱን ይቀጥላል።

እንግዲህ አፍንጫው ሲቀላ ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዷ ትራያኳ ናት፤ እሷ ስትሞት ብዙውን ጊዜ መብራቱን እንደለቀቀች ነው የምትሞተው፣ ሂተሩም ያለ ተቆጣጣሪ ይነዳል። ሁለተኛው መለኪያው ነው፤ ቴርሞካፕሉ ውሸት ከተናገረ ቦርዱ ገና አልሞቀም ብሎ እሳት ይጨምራል። ችኩል ሰው እዚህ ላይ ትራያክ ገዝቶ ይቀይራል። ርካሽ ናት፣ ለመንቀልም አታስቸግርም፤ ጥፋቱ የሌላ ከሆነ ግን አዲሲቱም ከአሮጌይቱ ጋር እኩል ትቀጣለች።

ባለሙያው ምንም ሳይነቅል የሂተሩን ሁለት ሽቦዎች ከቦርዱ ላይ አላቀቀና በቦታቸው የድሮ ባለ ክር አምፖል አሰረ። የሥራው ሁሉ ውበት ለእኔ እዚህ ተጀመረ። አሁን ቦርዱ ለሂተር የሚልከው መብራት ሁሉ አምፖሉ ላይ ይታያል፤ የሚቃጠልም የሚቀልጥም ነገር የለም። ግራ እጁን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተ። ክፍት ቦርድ ላይ 220 ቮልት ሲኖር አንድ እጅ ብቻ የመጠቀም ልማድ የቆየ ጥንቃቄ ነው፤ ሁለት እጅ ዕቃው ላይ ካረፈ ኤሌክትሪኩ በደረት በኩል መንገድ ያገኛል። ብዙ ሰው ይህን ያውቃል፤ በየዕለቱ የሚያደርገውን ግን አላየሁም።

እጀታው ማስቀመጫው ላይ እንዳለ አበራት። አምፖሉ ጨለማ ነው። ትራያኳ ሞታ ቢሆን ወዲያው በሙሉ ጉልበቱ በበራ ነበር። እጀታውን አነሣ፤ አምፖሉ ቦግ አለ። መለሰው፤ ጠፋ። «ትራያኳ ትታዘዛለች» አለ፤ ከዝርዝሩም ሰረዛት። ከዚያ መድረሻውን ወደ 150 ዲግሪ አወረደና እጀታውን ከማስቀመጫው እንዳነሣ፣ በአፍንጫው በኩል የላይተር እሳት ወደ ቴርሞካፕሉ ጫፍ አስጠጋ። ጤነኛ መሣሪያ ብትሆን አኃዙ ወደ ላይ ይሮጣል፣ 150 ላይ ሲደርስም አምፖሉ ይከስማል። እዚህ ግን አኃዙ ጭራሽ ወረደ፤ አምፖሉም ደምቆ ቀረ። መሣሪያዋ ሳትግል፣ ሳትሸት በሽታዋን ሙሉ በሙሉ ተናገረች። ከዚህ በላይ የተቆጠበ ፈተና ማሰብ አልችልም፦ አንድ አምፖልና አንድ ላይተር።

ነቅሎ የቴርሞካፕሉን ሁለት ጫፎች በቴስተር ያዘ። በዚህ ዓይነት መሣሪያ የሚገባው ኬ የተባለው ቴርሞካፕል ነው፤ ሁለት የተለያዩ ቅይጥ ብረቶች፣ ክሮሜልና አሉሜል፣ ጫፋቸው ላይ ተበይደው የተሠራ። የተበየደው ጫፍ ከወዲያኛው ጫፍ ሲሞቅ በየዲግሪው 41 ማይክሮቮልት ገደማ ይሰጣል። 350 ዲግሪ ላይ ተደምሮ 14 ሚሊቮልት ቢሆን ነው፤ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ከሚሰጠው አንድ መቶኛ እንኳ አይሞላም። ይህች ኢምንት ናት 700 ዋቱን የምታዘው። እሳቱን አስጠግቶ ሲያነብ ቴስተሩ ቁጥሩን ከመቀነስ ምልክት ጋር አወጣ። ሁለቱ ሽቦዎች ተገለባብጠው ተገጥመዋል ማለት ነው። ቦርዱ ሙቀት ሲጨምር የቀነሰ ይመስለዋል፤ ቀነሰ ብሎ ይጨምራል፤ በጨመረ ቁጥር ይብሳል።

ልጁ ዓይኑ በራ። «በቃ እናገላብጠዋ!»

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ያበቃ ነበር። ሽቦዎቹን ያገላብጣል፣ አኃዙ ይነሣል፣ 350 ላይ ይቆማል፣ ደንበኛው አመስግኖ ይሄዳል። ባለሙያው ግን የእጀታውን ብሎኖች ፈታና ሂተሩን የሚሸፍነውን የብረት ቱቦ ሳበ።

ሂተሩ ከብረት ቱቦው ጋር እንዳይነካካ በማይካ ወረቀት ይጠቀለላል። ይህኛው ማይካ በአንድ ወገን ተሰንጥቆ ቅርፊቱ ረግፏል። ዋናው ጉድ ግን ከሱ ሥር ነበር። የቀድሞው ጠጋኝ የአዲሱ ሂተር ቴርሞካፕል አጭር ሆኖበት ኖሮ በመዳብ ሽቦ ቀጥሎታል፤ የቀጠለውም ከሂተሩ አጠገብ፣ ሙቀቱ መካከል ነው። ያውም በሊድ ለመበየድ ሞክሮ። አሉሜልም ክሮሜልም ሊድ አይወዱም፤ ቢይዙም የተለመደው ሊድ 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ግን ባለሙያውን ያሳሰበው ብየዳው አልነበረም።

ወረቀት አውጥቶ ለልጁ አሰላለት። ቴርሞካፕል ሙቀትን አይለካም፤ የሚለካው የሁለት ጫፎችን የሙቀት ልዩነት ነው። አንደኛው ጫፍ አፍንጫው ላይ ያለው ነው፤ ሌላኛው ቅይጡ አብቅቶ መዳብ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ቦርዱ ያ ሁለተኛው ቦታ የክፍሉን ሙቀት፣ 20 ዲግሪ ገደማ፣ የያዘ መስሎት ነው የሚደምረው። መጋጠሚያው ግን ሙቀት መካከል ተቀምጦ 120 ዲግሪ ቢደርስ፣ አኃዙ 350 ሲል አፍንጫው 450 እየነፋ ነው። ሽቦዎቹን አገላብጦ ቢሰጠው ኖሮ መሣሪያዋ የዳነች መስላ፣ ትክክለኛ አኃዝ እያሳየች፣ የሰው ስልክ በመቶ ዲግሪ ትርፍ ስትጠብስ ትከርም ነበር። ልጁም ጥፋቱን ከእጁ ያየው ነበር። እንዲህ ያለው ግማሽ ጥገና ከብልሽቱ የከፋ ይመስለኛል፤ ብልሽት ቢያንስ ይጮኻል።

ሂተሩ ከነቴርሞካፕሉ ለብቻው ይሸጣል። ልጁ ሮጦ ገዝቶ መጣ። ባለሙያው መጀመሪያ የለካው የሽቦውን ኦም ነው፤ 220ን በ220 አባዝቶ ለ700 ሲያካፍሉት 69 ይመጣል፣ ቴስተሩም ከዚያው ግድም አሳየ። ቀጥሎ የቴርሞካፕሉን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች አየ። ቀለማቸው አላሳመነውም፤ የአውሮፓው ደንብ አረንጓዴና ነጭ ሲል የአሜሪካው ቢጫና ቀይ ይላል፣ ርካሽ ሂተር የሚሠራው ፋብሪካ ደግሞ የተገኘውን ያለብሳል። ስለዚህ ማስቀመጫውን ገልብጦ ማግኔቱን አወጣና ወደ ሽቦዎቹ ጫፍ አስጠጋ። አንደኛው ሽቦ አልተነቃነቀም፤ ሁለተኛው ወደ ማግኔቱ ታጠፈ። አሉሜል ማግኔት ይስበዋል፤ ክሮሜል አይስበውም። አሉሜሉ ደግሞ ሁልጊዜ የመቀነስ ወገን ነው። ጥያቄውን የመለሰለት ዕቃ ከመሣሪያዋ ከራሷ መውጣቱ በጣም ደስ አለኝ።

ቶማስ ዮሐን ዜቤክ በ1821 እ.ኤ.አ. ቴርሞካፕል የሚሠራበትን ክስተት ያስተዋለውም በማግኔት ነበር። ሁለት ብረቶችን አጋጥሞ አንዱን መጋጠሚያ ሲያሞቅ አጠገቡ ያለው የኮምፓስ መርፌ ዞረበት፤ እሱም ሙቀት ማግኔትነትን ይፈጥራል ብሎ ደመደመ። ኤሌክትሪክ መሆኑን ያረሙት ሌሎች ናቸው። ይህን ለባለሙያው ስነግረው «መርፌው አልዋሸም፤ ሰውየው ነው በችኮላ የተረጎመው» አለኝ።

ከዚህ በኋላ የእጅ ሥራው ነው። የቴርሞካፕሉን ሽቦዎች አንድ ሚሊሜትር እንኳ ሳይቆርጥ ወደ ኋላ ዘረጋቸውና ከመዳቡ ጋር ያጋጠማቸው ከፋኑ አጠገብ፣ ቀዝቃዛው አየር በሚያልፍበት ነው። ሁለቱን መጋጠሚያዎች ጎን ለጎን፣ እኩል ርቀት ላይ አደረጋቸው፤ አንዱ ከሌላው ቢሞቅ ስሕተቱ በሌላ በር ይመለሳል። የሂተሩን ሽቦዎችም በሊድ አልነካቸውም። ከምናለሽ ተራ ገዝቶ ከፈታው አሮጌ ዕቃ ያወጣቸውን ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች አልብሶ በፒንሳ ጨመቃቸው፤ አንዴ ጨምቆ፣ ሩብ ዙር አዙሮ ደግሞ ጨምቆ፣ ከዚያ ሳብ አድርጎ ፈተናቸው። በላያቸው ከመስታወት ክር የተሸመነ መከላከያ አለበሰ። ማይካውን ሲጠቀልል ጠርዙ በጠርዙ ላይ እንዲደረብ፣ ድርቡም ሽቦዎቹ በሚወጡበት ወገን እንዳይውል አደረገ። ይህ ሁሉ ቱቦው ከተገጠመ በኋላ ለማንም አይታይም።

የሰውየውን እጅ ሳይ የገረመኝ ፍጥነቱ ሳይሆን የማያቋርጥ መለካቱ ነው። ቱቦውን ከገጠመ በኋላ ቴስተሩን በሂተሩ ሽቦና በቱቦው መካከል አደረገ፤ ምንም መገናኘት የለም። ከዚያ በቱቦውና በሶኬቱ ኧርዝ መካከል፤ እዚህ ደግሞ መገናኘት ነበረበት፣ አልተገናኘም። የኧርዙ ሽቦ ሣጥኑ ላይ ታስሯል፣ ግን የታሰረው በቀለም ላይ ነው። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቀና ጥርስ ያለው ቀለበት ከብሎኑ ሥር አስገብቶ አጠበቀው። እግረ መንገዱን የሣጥኗን ዋና ማብሪያም አየ። አንዲቱን መስመር ብቻ ነበር የምትቆርጠው። እኛ አገር የሚበዛው ባለ ሁለት ክብ እግር ሶኬት ገልብጠው ቢሰኩትም ይገባል፤ ፌዙ ዛሬ በዚህ እግር፣ ነገ በዚያ ሊመጣ ይችላል፤ ማብሪያዋ ኒውትራሉን ብቻ ከቆረጠች መሣሪያዋ ጠፍታም ውስጧ መብራት አለ። ሁለቱንም መስመር የምትቆርጥ ማብሪያ ገጠመላት። ልጁ ለዚህ አላመጣትም ነበር፤ ተጨማሪ ሂሳብም አልተጠየቀበትም።

ያኛው ማይካ ለምን እንደተሰነጠቀም ጠየቅሁት። እርጅና ሊሆን ይችላል አለ፤ እሱ ግን የሚጠረጥረው የመብራት መቆራረጥን ነው። ሂተሩ ግሎ ሳለ መብራት ድንገት ሲጠፋ ፋኑም አብሮ ይቆማል፤ የማቀዝቀዣው ጊዜ ይቀራል፤ እጀታው አፍንጫው ወደ ታች ሆኖ ማስቀመጫው ላይ ካለ ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣና ማይካውን፣ ፋኑንና ፕላስቲኩን ያበስላል። «መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምትሮጠው ወደ ሻማው አይደለም፤ እጀታውን አንሥተህ አፍንጫውን ወደ ላይ ያዝ» አለው ልጁን። ይህን በየትኛውም የመሣሪያው መመሪያ ወረቀት ላይ አላየሁትም፤ ወረቀቱን የጻፉት ሰዎች መብራት ይጠፋል ብለው ያሰቡ አይመስሉም።

አዲስ ምጣድ ሳይሟሽ ሊጥ እንደማይፈስበት ሁሉ አዲሱን ሂተርም ወዲያው 350 ላይ አላወጣውም። 100 ላይ አድርጎ ተወው፤ ትንሽ ጭስ ወጣ፤ ጭሱ ሲያባራ ወደ 200፣ ቆይቶ ወደ 300። ከዚያ የልኬቱን እውነተኛነት መፈተን መጣ። ሌላ የሙቀት መለኪያ አለው፤ ግን እሱንም ብቻውን አላመነውም። 63 በመቶ ቆርቆሮና 37 በመቶ እርሳስ የሆነ የሊድ ሽቦ አወጣ። ይህ ቅይጥ ሳይለሰልስ፣ ሳይንቦጫቦጭ ልክ 183 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። አፍንጫው ፊት፣ ከመለኪያው ጫፍ ጋር አስጠግቶ ይዞት ሙቀቱን ከ170 ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ ከፍ አደረገ። ሊዱ ሲንጠባጠብ መለኪያው ስንት እንደሚል አየ፤ ቦርዱ ላይ ያለችውን ማስተካከያ በቀጭን ካቻቢቴ ነካ አደረጋት፤ ደገመው። መለኪያ ሊዋሽ ይችላል፤ የሊዱ ቅይጥ ግን የሚቀልጥበትን ዲግሪ አይቀይርም።

ልጁ ስልክ ከኪሱ አውጥቶ «በዚህ እንሞክራት» ሲለው ባለሙያው ሳቀ። የሞተ ቦርድ ከመሳቢያው አወጣና ፍላክስ ቀብቶ በአንዲት ቺፕ ዙሪያ አየሩን እያዞረ ነፋ። አንድ ቦታ ላይ አላቆመም፤ ከዳር ጀምሮ ወደ መካከል እየጠበበ ነው የሄደው። ጥቂት ቆይቶ በወረንጦ ጫፍ ቺፗን በትንሹ ገፋት። ተንሸራተተችና መልሳ ራሷ ወደ ቦታዋ ገባች። ከሥሯ ያለው ሊድ በሁሉም ነጥብ እኩል ከቀለጠ ውጥረቱ ቺፗን ጎትቶ ወደ መሐል ይመልሳታል፤ አንዱ ጥግ ካልቀለጠ ግን አትንቀሳቀስም፣ የሚገፋት ሰውም ነጥቦቹን ይቆርጣል። ሙቀቱም አየሩም ልክ መሆናቸው በዚህ ታወቀ።

እጀታውን መለሰ። አኃዙ እየወረደ ከ100 በታች ሲሆን ፋኑ ቆመ። ልጁ ገንዘቡን እየቆጠረ ነው። ባለሙያው ግን ካቻቢቴውን እንደገና አንሥቶ የእጀታውን ብሎኖች መፍታት ጀመረ።

«ጋሼ፣ ሠርታለች እኮ!»

«ሠርታለች፤ ግን ገና አንዴ ግላ አንዴ መቀዝቀዟ ነው።»

ብረት ሲግል ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ቀዝቃዛ ሳለ የጠበቀ ብሎን ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ሊላላ ይችላል። ቱቦውን ሳብ አድርጎ ማይካውን በትንሽ መብራት አየ፤ ድርቡ ከቦታው አልሸሸም። የጨመቃቸውን መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ሳበ። ቱቦውን ከሚይዙት ብሎኖች አንዱ በእርግጥም ላልቶ ነበር፤ ሩብ ዙር ያህል አጠበቀው። ገመዱ ወደ እጀታው የሚገባበትን ጎማም ወደ ቦታው ገፋ አደረገ፤ ሽቦዎቹ ቶሎ የሚበጠሱት እዚያ፣ ሁልጊዜ በሚታጠፉበት ቦታ ነው። ከዚያ ዘግቶ ለልጁ ሰጠው፤ የወጣውን አሮጌ ሂተር ግን አስቀረበት፤ ቱቦዎቹ ለሌላ ሥራ ይሆናሉ አለ።